ያረጀ ጠመንጃ በማን እጅ ይቀመጥ?
ስለ ታሪካዊ ጠመንጃ፣ ስለ ዒላማ ተኩስና ስለ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በመጀመሪያ ሲሰማ የጥቂት ሰዎች ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሊመስል ይችላል። በብዙ አገሮች የመቶና የመቶ ሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ጠመንጃዎች የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፣ በሳምንቱ መጨረሻ እየተሰበሰቡ፣ መሣሪያዎቹን እየወለወሉ፣ በተከለለ ሜዳ ላይ ዒላማ ይተኩሳሉ። ሥራውን የሚመሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የእኔ ጥያቄ ይህ ልማድ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሦስቱ ከተሞች ሊበቅል ይችላል ወይ የሚል ነው። ይህን ስጠይቅ ደግሞ ከበስተጀርባው አንድ ከባድ ጥያቄ መኖሩን አልዘነጋም፤ ለአንዱ የነጻነት ምልክት የሆነው ጠመንጃ ለሌላው የአያቱን መሬት ያሳጣው መሣሪያ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ማኅበር፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ ወይ?

ነገሬን ከመሣሪያዎቹ ስም እጀምራለሁ። ከዚያም ወደ ሦስቱ ከተሞች፣ ወደ ተኩሱ ጥቅም፣ ወደ ማኅበሩ አሠራር፣ በመጨረሻም ወደዚያ ከባድ ጥያቄ እመለሳለሁ።

፩. ስሞቹ የያዙት መዝገብ

ጠመንጃ ወደ አገራችን በገባ ቁጥር ቋንቋችን ስም አውጥቶለታል። ስሞቹን ተራ በተራ ብናስቀምጣቸው የውጭ ግንኙነታችን ታሪክ በአጭሩ ይነበባል። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት በክብሪት ገመድ የሚለኮስ ጠመንጃ ይዞ ሲነሣ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1541 በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ለዐፄ ገላውዴዎስ ወገን ሲሰለፉ፣ የዚህ መሣሪያ ዕጣ በደጋውም በቆላውም ተወሰነ። ኢማሙ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1543 በጥይት ተመትተው ወደቁ።

ቀጥሎ የመጣው «ሰናድር» ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የታጠቁት ስናይደር የሚባለው ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር፤ መሣሪያው በጦር ሜዳ የመጀመሪያ ፈተናውን ካየባቸው ስፍራዎች አንዱ የእኛው መሬት መሆኑ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሬሚንግተን ጠመንጃዎች በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት እጅ ገቡ። ከዚያ «ውጅግራ» መጣ፤ ይህም ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት፣ የ1874ቱ ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው። «ለበን» የፈረንሳዮቹ ሌበል፣ «አልቢን» የቤልጅጎቹ አልቢኒ፣ «ምንሽር» ደግሞ የኦስትሪያው ማንሊከር ነው። «በልጅግ» እስከ ዛሬ በገጠር የሚነገር ስም ሲሆን በአገሩ የተጠራ መሣሪያ ነው።

እነዚህ ስሞች ከአንደበታችን አልጠፉም። በቀረርቶውም በሽለላውም ይሰማሉ። ነገር ግን እዚህ ከተቀመጥን መካከል ምንሽርን ከውጅግራ በዐይኑ መለየት የሚችል ስንቱ ነው? ስሙን ይዘን ነገሩን አጥተናል። ቃሉ ያለ ዕቃው ሲቀር፣ ከትውልድ በኋላ ቃሉም ትርጉሙ የጠፋበት ድምፅ ይሆናል።

፪. ሦስቱ መንገዶች

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከዚያ በፊት ግን ሦስቱም የአዲስ አበባ በሮች ነበሩ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ባሻገር በፍቼና በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በሆለታና በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ ላይ ናቸው። ጠመንጃ ወደ ዋና ከተማዋ የገባውም፣ ከዋና ከተማዋ የወጣውም በእነዚህና በመሰሎቻቸው መንገዶች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1887 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ፣ ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎችን ከታጁራ በግመል ጭኖ ሸዋ ገባ። ንጉሥ ምኒልክን አንኮበር ላይ ስላላገኛቸው እንጦጦ ድረስ ሄዶ ተገናኛቸው። ዋጋው እንዳሰበው አልሆነለትም፤ ጠመንጃዎቹ ግን ቀሩ። ከእንጦጦ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የሱሉልታን ሜዳ ከእግሩ ሥር ያያል። እንግዲህ የዓለም ሥነ ጽሑፍ ታሪክና የኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ የተገናኙት ከዚህ ሜዳ ጥግ ነው።

ከ49 ዓመታት በኋላ፣ ሐምሌ 1928 ዓ.ም.፣ በዚያው በሰሜኑ መንገድ ሌላ ጉዞ ሆነ። ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ ሦስት ወር ሊሞላው ሲል ደጃዝማች አበራ ካሣ ከፍቼ ተነሥተው፣ ከሌሎች አቅጣጫዎች ከሚመጡ አርበኞች ጋር ተቀናጅተው ከተማዋን ሊያስለቅቁ ሞከሩ። ወሩ ክረምት ነው፤ ጭቃው፣ የወንዙ ሙላት፣ በጦሮቹ መካከል መልእክት የሚያደርስ መሣሪያ አለመኖሩ ሙከራውን አከሸፈው። በዚያው ወር አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም፣ የፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ጠላትን ሲዋጉ ሕይወታቸውን ሰጡ። ከዚያም በጅማ መንገድ በወሊሶ አካባቢ እነ ገረሱ ዱኪ ትግሉን ለዓመታት ቀጠሉ።

የምዕራቡን መንገድ ብንይዝ ቡራዩን አልፈን ሆለታ እንደርሳለን። በ1927 ዓ.ም. በስዊድናዊው መኮንን በቪኪንግ ታም መሪነት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው እዚያ ነው። ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው፤ ከእነርሱ አያሌዎቹ ወደ ነቀምቴ ዘልቀው ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ድርጅት አቋቋሙ። ተማሪዎቼ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ዕድሜያቸውን ነው፤ የእናንተው እኩዮች ነበሩ።

ዛሬ በእነዚህ መንገዶች ግራና ቀኝ ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ቆሟል። የጎጆው ምሰሶ ሲነቀል፣ ቤተሰብ ከይዞታው ሲነሣ፣ ከሣጥን ግርጌ ወይም ከቆጥ ላይ የነበረ ዕቃ ሁሉ አብሮ ይናጋል። ብራናው ለቱሪስት ይሸጣል፤ ጋሻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አሮጌ ጠመንጃ ግን ከሁሉም የከፋ ዕጣ አለው። ባለቤቱ ሕግን ፈርቶ ሊደብቀው፣ ሊቀብረው፣ ወይም በድብቅ ሊሸጠው ይችላል። ሦስቱም መንገድ ታሪኩን ያጠፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰው ያጠፋል።

፫. መተኮሱ ለምን ያስፈልጋል?

«ሙዚየም ማስቀመጥ አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እጠብቃለሁ። ሙዚየም አስፈላጊ ነው። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለን፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ተከፍቷል። ነገር ግን ጠመንጃ በመስታወት ውስጥ ሆኖ የማይነግረን ነገር አለ።

ውጅግራን እንውሰድ። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ተኳሹ ተኩሶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላ ማጉረስ አለበት። የእርሳሱ ክብደት 25 ግራም ያህል ነው፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ። የሚሠራውም በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ወፍራም ነጭ ጢስ ይወጣዋል። ጢሱ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ተኳሹ የመታውን እንዳያይ ዐይኑን ይጋርደዋል፣ ተኳሹ ያለበትንም ስፍራ ለጠላት ያሳብቃል። በ1886 የወጣው ሌበል ግን ጢስ አልባ ባሩድ ይዞ መጣ፤ የእርሳሱ ውፍረት ወደ 8 ሚሊሜትር ወረደ፣ ፍጥነቱ ግን እጅግ ጨመረ።

አሁን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የቆመውን ሠራዊት በዐይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። አንዱ ወታደር ሬሚንግተን፣ አጠገቡ ያለው ውጅግራ፣ ሦስተኛው ሌላ ዐይነት ይዟል። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በዚያ ዘመን ጥይት ከመሣሪያነቱ አልፎ በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ስለዚህ ወታደሩ ምላጩን በሳበ ቁጥር ከኪሱ ገንዘብ እንደ መወርወር ነው። እንዲህ ያለ ልዩ ልዩ ትጥቅ የያዘን ሠራዊት አስታጥቆ፣ ስንቁንና ጥይቱን አመጣጥኖ ከሸዋ እስከ ትግራይ ማድረስ ምን ያህል የአስተዳደር ብልኀት እንደ ጠየቀ መጽሐፍ ብቻ አንብበን አይገባንም። ከጣሊያኖቹም ወገን ቢሆን ብዙዎቹ ወታደሮች የያዙት አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። የሁለቱ ወገኖች ትጥቅ ልዩነት ዘወትር እንደሚባለው የሰማይና የምድር ያህል ነበርን? ይህ በሙከራ ሊመረመር የሚችል ጥያቄ ነው።

በሌሎች አገሮች የጦር ሜዳ ታሪክ አጥኚዎች ከታሪካዊ ተኩስ ማኅበራት ጋር የሚሠሩት ለዚህ ነው። የሠለጠነ ተኳሽ በደቂቃ ስንት ጊዜ ያጎርሳል? በ200 ሜትር ርቀት የሰው ቁመት ያለውን ዒላማ ከ10 ጥይት ስንቱን ይመታል? አፈሙዙ ሲግል ምን ይሆናል? ከመሬት የተገኘ ቀለህ ከየትኛው መሣሪያ ወጣ? እነዚህን የሚመልሰው ሰነድ አይደለም፤ እጅ፣ ትከሻና የማስታወሻ ደብተር ናቸው።

ሌላም አለ። ዕቃን መጠበቅ ዕቃውን ማወቅን ይጠይቃል። የጥቁር ባሩድ ቅሪት እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን በጥቂት ቀን ውስጥ ያዝገዋል። ዘይት መቀባት ብቻውን አያድነውም፤ ቅሪቱ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ፈጽሞ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዘይት የሚቀባው። ይህን የማያውቅ ደግ ልብ ያለው ባለቤት የአያቱን ጠመንጃ ሲንከባከብ ሊያጠፋው ይችላል። እንዲሁም መቶ ዓመት ያለፈውን መሣሪያ ሳያስመረምር የሚተኩስ ሰው ፊቱን ለአደጋ ያቀርባል። ስንጥቅ ያለበት ብረት፣ የላላ መዝጊያ፣ ለመሣሪያው ያልተሠራ ጥይት ተኳሹን ራሱን ይገድላል። እውቀቱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነውና የሚተላለፍበት ማኅበር ከሌለ ይሞታል።

፬. ያለ ደመወዝ የሚሠራ ዳኛ

ስለ ማኅበራቱ እንነጋገር። የስዊስ የተኳሾች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1824 በአራው ከተማ ነው። በዚያ አገር በየመንደሩ የተኩስ ሜዳ አለ፤ በየዓመቱ የሚደረገው የሕዝብ ተኩስ በዓል ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይሳተፍበታል። በእንግሊዝ ብሔራዊው የጠመንጃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1859 ተመሠረተ፤ በተከታዩ ዓመት በዊምብልደን ሜዳ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር የመክፈቻዋን ጥይት የተኮሱት ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1890 ወደ ቢዝሊ ተዛውሮ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። በአፈሙዛቸው ለሚጎርሱ ጠመንጃዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ውድድር ይካሄዳል። ዒላማ ተኩስ እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴና ከተደረገው ከመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ አንሥቶ የስፖርት ዘርፍ መሆኑንም አንርሳ።

ስለ እነዚህ ማኅበራት ሳስብ የሚደንቀኝ የተኩሱ ትክክለኛነት አይደለም። የሚደንቀኝ በሜዳው ላይ ያለው ሥርዓት ነው። በሜዳው አንድ የተኩስ ኀላፊ አለ። ሙያው መምህር ወይም ነርስ ወይም መካኒክ ሊሆን ይችላል፤ የሚከፈለው ነገር የለም። ነገር ግን «ተኩስ አቁም!» ባለ ጊዜ ጄኔራልም ይሁን ባለጸጋ ጣቱን ከምላጩ ያነሣል፣ መሣሪያውን ባዶ ያደርጋል፣ መዝጊያውን ከፍቶ ያስቀምጣል፣ ከመስመሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ዒላማው የሚሄድ ሰው እስካለ ድረስ ማንም መሣሪያ አይነካም። እያንዳንዱ ጥይት ሲወጣም ሲመለስም ይመዘገባል። መሣሪያ በደም ፍላት ሳይሆን በፈቃድና በመዝገብ የሚነካበት ስፍራ ማለት ይህ ነው። መሣሪያ በየሰርጉና በየለቅሶው ወደ ሰማይ በሚተኮስበት፣ የሚወድቀው ጥይት የማንን ልጅ እንደሚያገኝ በማይታወቅበት አገር፣ ይህ ሥርዓት ራሱ ትምህርት ቤት ነው።

«ይህ የፈረንጅ ባህል ነው» የሚል ቢኖር የምመልስለት አለኝ። እኛ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ዳኛን ከማንም ቀድመን እናውቃለን። የእድር ዳኛ፣ የማኅበር ሙሴ፣ የዕቁብ ሰብሳቢ ማን ደመወዝ ከፍሏቸው ያውቃል? የቀረውን ቅጣት የሚያስከፍል፣ የዘገየውን የሚገሥጽ፣ የሣጥኑን ቁልፍ የሚይዝ፣ ሒሳብ በአደባባይ የሚያስመረምር የበጎ ፈቃድ አሠራር በየሰፈራችን አለ።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለን። በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የሚባል አለ። የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ገና ጠላት ከአገር ሳይወጣ ነው። ዓላማው በዓድዋና በኋላም በነበረው ተጋድሎ ፈረሶች የዋሉትን ውለታ ማሰብ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች በእንጅባራ ተሰብስበው ሽርጥና ጉግስ ያሳያሉ። ማኅበሩ ንጉሠ ነገሥቱን፣ ደርግን፣ ኢሕአዴግን አልፎ ዛሬ ደርሷል። ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ያልፈረሰው ለምን ይመስላችኋል? ገንዘቡ የብዙ አልነበረም፤ ቢሮውም የተንጣለለ አልነበረም። አባሉ ፈረሱን የሚቀልበው ከራሱ ጎተራ ስለሆነ፣ ወዳጁ ሲሞት ፈረሱን ጭኖ ለቅሶ ስለሚደርስ፣ ማኅበሩ ከበዓል ማድመቂያነት አልፎ የኑሮ አካል ስለሆነ ነው። ፈረስን ያህል በየቀኑ ገብስ የሚሻ ታሪካዊ ሀብት በበጎ ፈቃድ ከተጠበቀ፣ ዘይትና ጨርቅ ብቻ የሚጠይቀውን ብረት መጠበቅ አይከብድም ነበር።

ነገር ግን የበጎ ፈቃድ ሥራ የራሱ በሽታ አለው። አንድ ትጉህ ሰው ሁሉን ይሸከማል፤ ቁልፉ በእርሱ ኪስ፣ መዝገቡ በእርሱ ቤት፣ ስልክ ቁጥሩ በእርሱ ራስ ውስጥ ይሆናል። እርሱ ሲታመም ማኅበሩ ይታመማል። በመጽሐፍ ማኅበር ይህ ኪሳራው ጥቂት ነው። መሣሪያ በሚያስቀምጥ ማኅበር ግን አደጋ ነው። ስለዚህ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ፣ መዝገቡ በሁለት ቅጂ፣ ኀላፊነቱ በየሁለት ዓመቱ የሚለዋወጥ መሆን አለበት። «እርሱ የታመነ ነው» የሚለው ቃል የእውነት ቢሆን እንኳ በሕገ ደንብ ቦታ ሊተካ አይገባም።

፭. «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስኩ። ስለ ጠመንጃ በእነዚህ ከተሞች ሲወራ ይህን ቃል መዝለል ፍርሀት ነው።

«ነፍጠኛ» በመነሻው ነፍጥ የያዘ ወታደር ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የማዕከላዊው መንግሥት ግዛት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲሰፋ ግን ቃሉ ሌላ ሸክም ተጫነበት። ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመደበለት፤ ገበሬው ከምርቱ አካፈለ፣ ጉልበቱን ገበረ፣ በብዙ ስፍራም ርስቱን አጣ። ለዚያ ገበሬ ውጅግራው ከዓድዋ የተመለሰ ጀግና መሣሪያ መሆኑ ሸክሙን አላቀለለለትም። ይህ ሥርዓት በሕግ ያበቃው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ነው። ትዝታው ግን በአዋጅ አይሻርም፤ ቃሉም ዛሬ በፖለቲካ አንደበት ሰውን ከሰው ለመለየት ሲያገለግል እንሰማለን።

በዚያው ልክ የኦሮሞ ፈረሰኞች በዓድዋ የዋሉት ውለታ፣ የጦር መሪዎች በፈረስ ስም የመጠራታቸው ልማድ፣ እነ ገረሱ ዱኪ በአምስቱ ዓመት የከፈሉት መሥዋዕትነት የታሪኩ አካል ነው። አንድ ጠመንጃ በአንድ ትውልድ እጅ ገበሬን አስገብሮበት፣ በሚቀጥለው ትውልድ በዚያው ገበሬ ልጅ እጅ ፋሺስትን መክቶበት ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚተርክ ማኅበር በእነዚህ ከተሞች ሊቆም አይችልም፤ ቢቆምም ሊቆም አይገባውም።

ስለዚህ የማኅበሩ ዋና ሥራ ከተኩሱ በፊት መመዝገብ መሆን አለበት እላለሁ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ፋይል ይኑረው። ዐይነቱ፣ የተሠራበት አገርና ዘመን፣ በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ይጻፍ። ከዚያም ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ፣ ምን እንደ ተሠራበት፣ የያዘው ቤተሰብ የሚለው ቃል በራሱ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ይቀዳ። የያዘው ብቻ ሳይሆን በመሣሪያው የተገዛው ሰው ልጅም ቃሉን ይስጥ። ሁለቱ ቃላት ባይስማሙ አናስማማቸው፤ ጎን ለጎን ይቀመጡ። የታሪክ ተማሪ ሥራው ይህ ነው።

፮. ከየት እንጀምር?

ሕጉን አስቀድሜ ልናገር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «የአያቴ መታሰቢያ ነው» በማለት ራሱን ከሕጉ ውጭ የሚያደርግ ሰው ለራሱም ለታሪኩም አይበጅም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ምዝገባና ጥበቃ መሠረት ይጥላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ዜጎች በነጻ ፈቃዳቸው ለሕጋዊ ዓላማ እንዲደራጁ በር ከፍቷል። በእነዚህ ሦስት አዋጆች መካከል ጠባብም ቢሆን የሚያስኬድ መንገድ አለ ብዬ አምናለሁ።

መንገዱን በደረጃ ላስቀምጠው። በመጀመሪያው ደረጃ ምንም ጥይት አይኖርም። ጥቂት መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ የመሣሪያ ባለሙያዎችና የአገር ሽማግሌዎች በሦስቱ ከተሞች ቃል ይሰበስባሉ፤ በሕጋዊ ፈቃድ የተያዙትንና በተቋማት ያሉትን መሣሪያዎች ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ስሞቹንና ክፍሎቹን፣ ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ፣ በሁለቱም ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት ያዘጋጃሉ። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ደብተር፣ መቅረጸ ድምፅና የታክሲ ገንዘብ ነው።

በሁለተኛው ደረጃ ከፖሊስና ከቅርስ ባለሥልጣን ጋር በመነጋገር፣ እንዳይተኩሱ ተደርገው የተመረመሩ መሣሪያዎች ለማስተማሪያ ይቀርባሉ። ተማሪው ውጅግራን በእጁ ይዞ ክብደቱን ይገምታል፤ ማጉረሱን በባዶ ቀለህ ይለማመዳል፤ አያቱ ያን ብረት ተሸክሞ ከሸዋ እስከ ትግራይ እንደ ሄደ ጉልበቱ ይነግረዋል።

ተኩሱ የሚመጣው በሦስተኛው ደረጃ ብቻ ነው። እርሱም የመንግሥት አካል በፈቀደው ሜዳ፣ በሠለጠነ የተኩስ ኀላፊ ሥር፣ በጥቂት በተመረመሩ መሣሪያዎች፣ ለጥናትና ለስፖርት ብቻ ይሁን። ሰላም በታወከበት ወቅት ይህ ደረጃ ለዓመታት ሊዘገይ ይችላል። ይዘግይ። የመጀመሪያው ደረጃ ግን ሊዘገይ አይችልም፤ ምክንያቱም መሣሪያው ሃምሳ ዓመት ቢጠብቀን የሚያውቁት ሰዎች ግን አይጠብቁንም።

ይህን ስል የሚቃወመኝ ባልደረባ እንዳለ አውቃለሁ። «በየቀኑ የተኩስ ዜና በምንሰማበት አገር ስለ ጠመንጃ ማኅበር ማውራት ተገቢ ነውን?» ይለኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ እኔም ይህን ገለጻ ለመስጠት ከመስማማቴ በፊት ለራሴ ጠይቄዋለሁ። መልሴ ይህ ነው፤ ስለ ጠመንጃ ዝም ማለት ጠመንጃን አይቀንስም። ዝምታው የሚተወው መሣሪያውን በፉከራ ብቻ ለሚያውቀው ሰው ነው። ፉከራ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ዝገቱ፣ ስለ ገባሩ፣ በጢስ ውስጥ ስለ ጠፋው ጓድ አይናገርም። መዝገብ ግን ይናገራል። ጠመንጃን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ስለ እርሱ ሲያወራ ድምፁ ዝግ እንደሚል በሕይወታችሁ አስተውላችሁ ይሆናል።

ከመሰናበቴ በፊት ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። በዚህ በዓል ወደ ቤተሰባችሁ ስትሄዱ፣ በሰበታም ይሁን በቡራዩ ወይም በሱሉልታ፣ ከቤቱ አዛውንት አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «በልጅነትዎ በዚህ መንደር ጠመንጃ ያለው ማን ነበር? የሌለውስ ምን ይል ነበር?» መልሱን እንደ ወረደ ጻፉት። አታሳምሩት፤ አታርሙትም። የምናስበው ማኅበር ቢቋቋም የመጀመሪያው ንብረቱ ያ ወረቀት ይሆናል።